አልሠራ ያለ አዲስ ማሽን

በአማርኛ ስለ ዕቃ መክፋት የሚነገሩት ቃላት ቀረብ ብለው ሲመረመሩ አንዱ በሌላው የሚተካ ሆኖ አይገኝም። «ብልሽት» ቀድሞ ደህና የነበረ ነገር ኋላ መክፋቱን ሲያመለክት፣ «እንከን» ከነገሩ ጋር አብሮ የተፈጠረውንና መልኩ የሚሸሽገውን ነውር ይጠቁማል፤ «ጉድለት» ደግሞ ሊኖር ይገባ የነበረው ነገር አለመኖሩን ብቻ ይናገራል። ከፋብሪካ ወጥቶ አንድ ጣውላ እንኳ በወጉ ሳይልግ የቆመ የእንጨት ሥራ ማሽን ከሦስቱ በየትኛው ሊጠራ እንደሚገባው ወዲያው አይታወቅም። ደህና ሆኖ የታየበት ቀን ስለሌለ ተበላሸ ማለት ይከብዳል፤ ውስጡም ስላልተመረመረ እንከን አለበት ብሎ መፍረድ ችኮላ ይሆናል። ስለዚህ ተናጋሪው «አልሠራ አለ» ወደሚለው አራተኛ አነጋገር ይሄዳል። በዚህ አነጋገር «አለ» የተባለው የመናገር ግስ ከአሉታ ግስ ጋር ተጣምሮ ግዑዙን ነገር እንደ እምቢተኛ ሰው ያቀርበዋል፤ በሩ አልከፈት ይላል፣ እሳቱ አልነድ ይላል፣ ማሽኑም አልሠራ ይላል። ቋንቋው ምክንያቱ ላልታወቀ ነገር ፈቃድ የሚሰጠው ባለማወቅ አይደለም፤ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ፍርዱን በይደር ለማቆየት ነው። ሐተታ የሚለው ስም የተገኘው መረመረ፣ ጠየቀ የሚል ፍቺ ካለው ሐተተ ከተባለው የግዕዝ ግስ ነውና፣ አልሠራ ያለ አዲስ ማሽን ለሐተታ የሚያንስ ጉዳይ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በስተ ምዕራብ ሲቀላና ሴቻ በሚባሉ ሁለት ክፍሎች በተዘረጋችው በአርባ ምንጭ፣ እንደ ሌሎቹ የኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ፣ የእንጨት ሥራ ቤቶች አልጋና ቁም ሣጥን፣ በርና መስኮት፣ ወንበርና ጠረጴዛ ይሠራሉ። በእነዚህ ቤቶች ዘንድ እጅግ የሚፈለገው ዕቃ ኮምባይን ማሽን የሚባለው ሲሆን፣ እርሱም ክብ መጋዝን፣ የጣውላን ፊት የሚልገውን መላጊያ፣ ውፍረትን እኩል የሚያወጣውን ክፍልና ብዙ ጊዜም የማጋጠሚያ ቀዳዳ የሚበሳውን መሰርሰሪያ በአንድ የብረት አካል ላይ አጣምሮ የያዘ ነው። መላጊያው ሲሊንደር በሚባል ድቡልቡል ብረት ላይ የተሰኩ ሦስት ወይም አራት ቢላዎች አሉት፤ ሲሊንደሩ ያለ ብዙ ፍትጊያ እንዲዞር በሚያደርጉ ኩሽኔታ በተባሉ ባለ ኳስ ቀለበቶች ላይ ተቀምጦ፣ ከሞተሩ ጋር በቺንጋ ተያይዞ በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ዙር ይዞራል። ከቢላዎቹ በስተ ኋላ ያለው ገበታ ከቢላዎቹ ጫፍ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ የወረቀት ውፍረት ያህል ዝቅ ቢል ጣውላው መጨረሻው ላይ ይጎደጉዳል፣ ያንኑ ያህል ከፍ ቢል ደግሞ ጣውላው ከገበታው ከንፈር ጋር ይጋጫል። በዓይን የማይለይ ይህን የመሰለ ልዩነት አንዱን ሥራ ቤት ባለ ብዙ ደንበኛ፣ ሌላውን ባለ ዕዳ ሊያደርግ ይችላል፤ ምክንያቱም ማሽኑ ብዙውን ጊዜ የሚገዛው በብድር ወይም ሊዝ በሚባለው የካፒታል ዕቃ ኪራይ ነው። ይህ ኪራይ በአዋጅ ቁጥር 103/1990 እና ይህን ባሻሻለው በአዋጅ ቁጥር 807/2005 የሚመራ ሲሆን፣ በእርሱ መሠረት ዕቃው በሠራተኛው ሥራ ቤት ቢቆምም ክፍያው እስኪያልቅ ድረስ ባለቤቱ አከራዩ ነው። እንግዲህ ማሽኑ ቢሠራም ባይሠራም የወሩ ክፍያ ቀኑን ጠብቆ ይደርሳል።

እዚህ ላይ አስቀድሞ መታየት ያለበት አዲስነት በሰው አእምሮ ውስጥ የያዘው ሥልጣን ነው። ቀለሙ ያልተላጠ፣ ፀረ ዝገት ቅባቱ ገና በላምባ ያልተጠረገ ማሽን ሲያንገራግር፣ በዙሪያው የቆሙት ሰዎች መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ማሽኑን አይደለም፤ የሚጠረጥሩት በማሽኑ ላይ የቆመውን ሰው ነው። አላወቀበትም፣ መመሪያውን አላነበበም፣ ከእጅ መላጊያ ጋር ለምዶ ስለኖረ ለአዲስ ነገር እጁ ሸካራ ነው ይባላል። (መመሪያው ሠራተኛው በማያነበው ቋንቋ ተጽፎ መምጣቱ ለብቻው ሌላ ሐተታ የሚገባው በደል ነው።) ከሁሉ የሚከፋው ሠራተኛው ራሱ ይህን ክስ አምኖ መቀበሉ ሲሆን፣ ጆሮው የሰማውን ያልተለመደ ድምፅ ትቶ በወረቀት ላይ የታተመውን ቁጥር ያምናል። ጥፋትን በእጅ ባለሙያ ላይ የመጣል ልማድ ከማሽኑ እጅግ የሚበልጥ ዕድሜ አለው። በጋሞ ደጋ ሸክላ የሚሠሩት ማና፣ ቆዳ የሚያለፉትና ብረት የሚቀጠቅጡት ደጋላ እየተባሉ፣ ሥራቸው ለሁሉም የሚያስፈልግ ሆኖ ሳለ ከመሬት ባለቤትነትና ከአደባባይ ምክር ተገልለው የኖሩበት ታሪክ አለ፤ በሰሜኑም ቀጥቃጭና ሸማኔ በቡዳነት ሲጠረጠሩ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገር ያስፈለጋቸው ስድቡ የአገር ልማድ ሆኖ ሥራን ራሱን ስለጎዳ ነበር። ዛሬ ማንም የእንጨት ሠራተኛን ቡዳ አይለውም፤ ነገር ግን ዕቃ ሲከፋ ዓይን ሁሉ ወደ ሠሪው እጅ መዞሩ የዚያው ልማድ ቅሪት ነው።

አዲስነት የደህንነት ማስረጃ ነው የሚለው እምነት ደግሞ በራሱ በምህንድስና ፊት የሚጸና አይደለም። የዕቃዎችን አስተማማኝነት የሚያጠኑ መሐንዲሶች የአንድን ዕቃ የመበላሸት ዕድል በጊዜ መሥመር ላይ ሲስሉት የገላ መታጠቢያ ገንዳን ጎን የሚመስል ቅርጽ ያገኛሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ዕድሉ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ወርዶ ለረጅም ጊዜ ይረጋል፣ በእርጅና ጊዜም እንደገና ይወጣል። የመጀመሪያውን ክፍል ከሕዝብ ጤና ጥናት በተዋሱት ቃል የጨቅላነት ሞት ይሉታል። በ1978 እ.ኤ.አ. የዩናይትድ ኤርላይንስ ባልደረቦች ስታንሊ ኖውላንና ሃዋርድ ሂፕ የአውሮፕላን ክፍሎችን በተመለከተ ባወጡት ጥናት፣ ከክፍሎቹ 68 በመቶ ያህሉ መጀመሪያ ላይ ከፍ ያለ የብልሽት ዕድል ኖሯቸው ኋላ የሚረጉ፣ ከዚያ ወዲያ ግን በእርጅና ብዛት ተለይቶ የሚጨምር ዕድል የሌላቸው ሆነው ተገኝተዋል። ይህ ማለት ለአንድ ዕቃ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሁሉ ይልቅ ሊጠረጠርባቸው የሚገቡ ቀናት ናቸው ማለት ነው። ጨቅላን የሚያሳድግ ቤተሰብ ይህን ያለ ጥናት ያውቀዋል፤ ክርስትና እስኪነሣ፣ ጥርስ እስኪያበቅል፣ ዳዴ እስኪል በስጋት ያየዋል። በማሽን ላይ ሲሆን ግን ያው ሰው አዲስነትን እንደ ጤንነት ይቆጥራል።

ታዲያ እንከኑ የት ነው? ይህ ጥያቄ ከሚመስለው በላይ ሩቅ ይወስዳል። የማሽኑ ገበታ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ከተቀዳ ብረት የተሠራ ነው፤ እንዲህ ያለው ብረት ሲቀዘቅዝ ቀጭኑ ክፍል ከወፍራሙ ቀድሞ ስለሚረጋ በውስጡ የታፈነ ውጥረት ይቀራል፣ ውጥረቱም ከወራት በኋላ ቀስ በቀስ ሲላቀቅ ቀጥ ብሎ የተላገው ገበታ ይጣመማል። የቀድሞ ማሽን ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ የተቀዳውን ብረት ለወራት በውጭ፣ በፀሐይና በዝናብ አቆይተው ነበር ወደ መጨረሻው ልገት የሚያስገቡት። ብረትም እንደ እንጨት መብሰል፣ መድረቅ፣ መርጋት ያስፈልገዋል ማለት ነው፤ ጥድፊያ ያለበት ፋብሪካ እርጥብ እንጨት እንደሚሸጥ ነጋዴ ያልበሰለ ብረት ሊሸጥ ይችላል። በዚህ ጊዜ ማሽኑ ከፋብሪካ በወጣበት ዕለት በእርግጥ ቀጥ ያለ ነበር፣ መርማሪውም በሐቅ ፈርሞበታል፤ እንከኑ ግን ገና ያልደረሰ ሆኖ በውስጡ ተኝቶ ነበር።

ከዚያ መንገዱ አለ። በመርከብ እስከ ጅቡቲ፣ በመኪና እስከ አዲስ አበባ፣ ደግሞም በወላይታ ሶዶ በኩል እስከ አርባ ምንጭ የተንገጫገጨ ዕቃ ቡሎኖቹ ይላላሉ፣ ገበታው ከቦታው ይንሸራተታል። ከመንገዱ ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ ይመጣል። ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር፣ ማለትም ኃይሉን በሦስት ተከታታይ መሥመሮች የሚቀበል ሞተር፣ ከሦስቱ መሥመሮች ሁለቱ ቦታ ቢለዋወጡ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ቢላው እንጨቱን በጀርባው ይመታዋል፣ ያየውም ሰው ማሽኑ ከነጭራሹ የተበላሸ ይመስለዋል፤ መፍትሔው ግን ሁለት ሽቦዎችን መልሶ ማለዋወጥ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ሞገድ በሴኮንድ 50 ጊዜ ሲመላለስ፣ 60 ጊዜ ለሚመላለስበት አገር የተሠራ ሞተር እዚህ ሲመጣ ፍጥነቱ ከስድስት እጅ አምስቱ ብቻ ይሆናል። የባለ ሦስት ፌዝ ሞተር የመጠምዘዝ ኃይል ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ስለሚወርድ፣ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ በጣደበት ሰዓት ቮልቴጁ በ10 በመቶ ቢቀንስ ኃይሉ ወደ 81 በመቶ ይወርዳል፤ መጋዙ በጠዋት የቆረጠውን ጣውላ በማታ ይዞት ይቆማል። በሞተሩ ጎን በተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው የኃይል መጠንም ቢሆን፣ በዓለም አቀፉ መስፈርት መሠረት፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር ለማይበልጥ ቦታና ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማይበልጥ ሙቀት የተሰጠ ቃል ነው። አርባ ምንጭ ወደ 1,300 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ከዚህ ወሰን በጥቂቱ ታልፋለች፤ ከእርሷ 40 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ያለችው ጨንቻ ግን ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ትደርሳለች፣ በዚያም የሳሳው አየር ሞተሩን እንደሚገባ አያቀዘቅዘውም። ያው ሞተር፣ በዚያው ሰሌዳ፣ በሁለት ጎረቤት ከተሞች ሁለት የተለያየ ኃይል አለው።

እንጨቱም ዝም ያለ ምስክር አይደለም። ከጨንቻ ጭጋጋማ ደጋ ወርዶ ወደ አርባ ምንጭ ቆላ የሚገባ የባሕር ዛፍ ጣውላ በአየሩ ለውጥ ምክንያት ውሃውን በፍጥነት ይለቃል፤ ማታ ቀጥ ብሎ የተላገው ጠዋት ተጣሞ ይገኛል። ባሕር ዛፍ ከዚህም በላይ ሲያድግ በግንዱ ውስጥ የሚያጠራቅመው ውጥረት አለ፤ መጋዙ ሲሰነጥቀው ውጥረቱ ይፈታና ሁለቱ ግማሾች ተጣምመው የመጋዙን ምላጭ መሐላቸው ያንቁታል። ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ቺንጋው ይሸታል፣ ጥፋቱ ሁሉ ወደ ማሽኑ ይላካል። ዋንዛ ግን በዚያው መጋዝ ስለ ኃይል ማነስ ምንም ሳይባል ይቆረጣል።

ማርቲን ሃይደገር የተባለው ጀርመናዊ ፈላስፋ በ1927 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ህላዌና ጊዜ» በተሰኘው መጽሐፉ፣ መሣሪያ በሥራ ላይ ሳለ ከሠራተኛው ዓይን ይሰወራል፣ የሚታየው ሲሰበር ወይም ሲጠፋ ነው ብሎ ነበር። መዶሻውን የያዘ ሰው የሚያስበው ስለ ምስማሩና ስለ ቤቱ ነው፤ እጀታው ሲወልቅ ግን መዶሻው እንደ ግዑዝ ነገር በፊቱ ይቆማል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ የፈላስፋው ምሳሌ ቀድሞ ከእጅ የተለመደ መሣሪያን የሚመለከት ስለሆነ ለአርባ ምንጩ ሠራተኛ ግማሹን ብቻ ይነግረዋል። አልሠራ ያለው አዲስ ማሽን ከእጁ የተሰወረበት ቀን ኖሮ አያውቅም። ሠራተኛው የማሽኑን ደህንነት ሳያውቅ ሕመሙን እንዲያውቅ ተጠይቋል፤ ጤነኛ ሳለ ያላየውን ሰው እንደሚመረምር ሐኪም ማለት ነው።

ከዚህ ችግር አጠገብ የዶርዜን ቤት ማቆም ብዙ ያስተምራል። በጨንቻ አካባቢ የሚኖሩት ዶርዜዎች ከተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ቅርጫት ሸምነው የሚያቆሙት ቤት እስከ 12 ሜትር ሊደርስ የሚችል ቁመት ሲኖረው፣ በፊቱ ያለው መግቢያ የዝሆንን ግንባርና ኩምቢ ያስመስለዋል። የቤቱን እግር ምስጥ ይበላዋል፤ የተበላው ሲቆረጥ ቤቱ በየዘመኑ እያጠረ ይሄዳል፣ ሲያስፈልግም ብዙ ሰው ተሸክሞት ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። ምስጡ ለዶርዜ ሰው ድንገተኛ እንከን አይደለም፤ ቤቱ ከመታነጹ በፊት የታወቀ፣ ቁመቱ ሲወሰን የታሰበበት፣ የቤቱን ዕድሜ ከቁመቱ ለማንበብ የሚያስችል ጓደኛ ነው። የሸማኔው ዕቃም እንዲሁ ነው፤ ድሩ ቢላላ ወይም መወርወሪያው ቢያነክስ ያቃናው ሰው እዚያው ስለሆነ በመጥፎነቱና በመታወቁ መካከል ጊዜ የለም። አዲሱ ማሽን የሚያመጣው እንግዳ ነገር ብልሽት አይደለም፤ ብልሽት ድሮም ነበር። እንግዳው ነገር ዕቃውን የሚያውቀው ሰው አንድ ቦታ፣ ዕቃው ሌላ ቦታ መሆናቸው ነው፤ በመካከላቸውም ባሕር አለ።

በጋሞ ደጋ መከራ ሲደርስ የሚጠየቅበት ጎሜ የሚባል ፅንሰ ሐሳብ አለ። ጎሜ ማለት ዎጋን፣ ማለትም ከአባቶች የተወረሰውን የአገር ሥርዓት፣ መተላለፍና ከመተላለፉ የሚመጣው መከራ ነው፤ ሕመምና የከብት ሞት ያለ ምክንያት እንዳልመጡ ታምኖ የትኛው ሥርዓት እንደተጣሰ ይፈለጋል፣ የሕዝብ ጉዳይም ዱቡሻ በሚባለው የመሰብሰቢያ አደባባይ ይመከርበታል። ማሽን ዎጋን አይተላለፍም፤ የኩሽኔታ ኳስ መሰንጠቅም ኃጢአት አይደለም። ስለዚህ ጎሜን ወደ ሥራ ቤቱ ማስገባት አይገባም፤ ማስገባት የሚገባው በዱቡሻ ያለውን ትዕግሥት ነው፤ በዚያ መጀመሪያ የተናገረው ሰው ዳኛ አይሆንም፣ የቀረበው ሰውም ስለ ቀረበ ብቻ በደለኛ አይሆንም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አጠገብ ባለችው በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ በደረሰው ግድያ የተቆጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ በአቅራቢያቸው ወዳገኟቸው ንጹሐን ሊሄዱ ሲነሡ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበርክከው መልሰዋቸዋል። ያ ድርጊት ከማሽን ጉዳይ ጋር በክብደት አይነጻጸርም፣ ሊነጻጸርም አይገባም፤ ሆኖም ጉዳትን በቅርብ በተገኘው አካል ላይ መጣል ከፍትሕ የተለየ ነገር መሆኑን ከዚያ በላይ ያሳየ ትምህርት በዚህ ዘመን አልታየም። ሥራ ቤቱ በትንሹ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፤ ጥፋቱ የት እንዳለ ሳይታወቅ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ እንዳይወሰን።

ይህን ያህል ስለ ቦታ፣ ስለ አየርና ስለ እንጨት ከተነገረ በኋላ ለሻጭ ማምለጫ በር እንዳይከፈት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እንከኑ በብዙ ቦታ ሊተኛ ይችላል ማለት ማንም ተጠያቂ የለም ማለት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና እንከን የሌለበት ስለ መሆኑ ለገዢው ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል፤ በተከታዮቹ ቁጥሮችም ገዢው ዕቃውን በተመቸው በመጀመሪያው ጊዜ እንዲመረምርና ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ሕጉ የሚጠይቀው ሻጩ ክፉ ሰው ስለ መሆኑ አይደለም፤ ዕቃው የተባለውን ስለ መሆኑ ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ሰዎች የሚያስተውሉት ልዩነት አለ፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ዕቃን ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው እንጂ ለማምረቻ ሥራ የሚገዛውን አይደለም። ስለዚህ ቴሌቪዥን የገዛ ሰው በሸማችነት ሲጠበቅ፣ እንጀራው የተመሠረተበትን መላጊያ የገዛው አናጢ ወደ ፍትሐ ብሔሩ ሕግ፣ ወደ ውሉና ወደ ራሱ ማስረጃ ይመለሳል። ይህ አከፋፈል ትልልቅ ነጋዴዎችን በማሰብ የተደረገ ከሆነ ምክንያት ይኖረዋል፤ በሁለት ሠራተኛ ለሚተዳደር ሥራ ቤት ግን ሸክሙ ይበዛበታል፣ ሕግ አውጪውም ቢያስብበት የሚገባ ነው።

ማስረጃው የሚጀምረው ከጆሮ ነው። በእንጨት ሥራ የኖረ ሰው ሲሊንደር ባዶውን ሲዞር የሚሰጠውን ድምፅ ከተጎዳ ኩሽኔታ ጩኸት፣ የላላ ቺንጋን ጥፊ ከገበታ መንቀጥቀጥ ይለያል፤ ይህ ዕውቀት በቃል ስለማይነገር ብቻ እንደ ዕውቀት ሳይቆጠር ቀርቷል። በየዕለቱ የተሰማው ድምፅ፣ የቮልቴጁ ልክ፣ የተላገው እንጨት ዓይነትና የእርጥበቱ ሁኔታ በአንድ ደብተር ቢጻፍ ያ ያልተነገረ ዕውቀት ሻጩ ሊያስተባብለው የማይችል ጽሑፍ ይሆናል፤ እንከኑ ከሥራ ቤቱ ሽቦ ወይም ከጣውላው ሆኖ ቢገኝም ያንኑ በሐቅ ያሳያል። ሠራተኛው ከደብተሩ የሚፈልገው ድል ሳይሆን እውነት ከሆነ ሁለቱንም ውጤት እኩል ሊቀበል ይገባል፤ ይህ ደግሞ ዕዳ ላለበት ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

የእንጨት ሠራተኞች አዲስ ማሽንን የሚፈትኑበት ጥንቃቄ የተሞላ አንድ መንገድ አለ። ገበታው ከተጠረገና ከተስተካከለ በኋላ ከቢላው ርቆ የአንድ ብር ሳንቲም በጠርዙ ይቆማል፣ ከዚያም ሞተሩ ይነሣል። ሲሊንደሩ ሚዛኑን የጠበቀ፣ ቡሎኖቹ የጠበቁ፣ ቺንጋው ቀጥ ያለ ከሆነ ሳንቲሙ ሳይወድቅ ይቆማል። ሲወድቅ ደግሞ የወደቀበት ጊዜ በደብተሩ ይጻፋል፤ ሞተሩ ሲነሣ ነው ወይስ ፍጥነቱ ከሞላ በኋላ፣ ወይስ ሊቆም ሲል? ሞተሩ ከኤሌክትሪኩ ተለይቶ ቺንጋው ይፈታል፣ ሲሊንደሩ በእጅ ቀስ ተብሎ ይዞራል፤ የሠራተኛው ጆሮም ወደ ኩሽኔታው ዝቅ ይላል።